«ተዘጋ» እና «ተዘጋብኝ»

ባለፈው እሑድ ቡና ልጠጣ እህቴ ቤት ሄጄ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ሳለ የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን እንደታመመ ሕፃን ታቅፋ ከመኝታ ቤት ወጣችና «ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልዎ! ዲፕሪኬት ተደረገብኝ!» አለች። እህቴ ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደረች ነበርና እጇን አንስታ አማተበች። እኔም ብሆን ቃሉ ከሐኪም ቤት የመጣ መስሎኝ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ልላት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው እኔም ሳቄን ተውኩት። ዛሬ የማወራችሁ ሳቄን ያስተወኝን ነገር ነው።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። የእህቴ ልጅ ፕሮግራመር ናት። ከባልደረቦቿ ጋር ለመድኃኒት ቤቶች የክምችትና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ትሠራለች። ፕሮግራመር ኮዱን የሚጽፍበት ኤዲተር የሚባል ነገር አለ፤ ለእኔ ቢጤው የጽሕፈት ጠረጴዛ እንደማለት ነው። ጠረጴዛው መጀመሪያ ሲመጣ እግርና ገበታ ብቻ ነው። መሳቢያውን፣ መብራቱን፣ መደርደሪያውን ሌሎች ሰዎች እየሠሩ ያስቀምጡታል፤ የፈለገ እያወረደ ይገጥመዋል። ይኸንን ነው ፕለጊን ወይም ኤክስቴንሽን የሚሉት። አብዛኛው በነጻ ነው። ሠሪው ግዙፍ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ ከሥራ መልስ ልጆቹን አስተኝቶ ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጥ አንድ ሰውም ሊሆን ይችላል።

የእሷ ፕለጊን ሦስት ፊደል ስትመታ አንድ ሙሉ አንቀጽ ኮድ ይዘረጋላታል፤ የተንጋደደ መስመር ያቃናላታል፤ የረሳችውን ያስታውሳታል። አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አዲስ ለተቀጠሩት ልጆችም ሥራ ያስተማረቻቸው በእሱ ነው። ዐርብ ጠዋት ኤዲተሯን ስትከፍት የፕለጊኑ ስም ላይ መስመር ተጋድሞበታል፤ አስተማሪ የተማሪውን ስህተት ሲሰርዝ እንደሚያሰምረው ያለ መስመር። አጠገቡ «ዲፕሪኬትድ» የሚል ቃል አለ።

ይህ ቃል ሞት አይደለም፤ የሞት ቀጠሮ ነው። ፕለጊኑ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ኤዲተሩ በየጊዜው እየታደሰ ወደፊት ሲሄድ እሱ ባለበት ይቀራል፤ አንድ ቀን ሁለቱ መግባባት ያቅታቸዋል። የትኛው ቀን እንደሆነ የሚነግር የለም። አለ እንዳይባል ባለቤት የለው፣ ሞተ እንዳይባል ይሠራል። ለቅሶ እንኳ አይቀመጡለት።

«ምን ብለው ነው የዘጉት?» አልኳት። ማስታወቂያውን አነበበችልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይኸው ነው፦ «ይህ ኤክስቴንሽን ተቋርጧል። ከእንግዲህ አይሻሻልም። ስለተጠቀማችሁበት እናመሰግናለን።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር። አሥራ ሰባት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጽሑፍ ካገኘሁ ሳልበልት አልተኛም። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ አድራጊው ማነው? እስቲ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እዩት። «ተቋርጧል።» ማን አቋረጠው? የለም። ሁለተኛው «አይሻሻልም» ይላል። የማያሻሽለው ማነው? እሱም የለም። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን «እናመሰግናለን» የሚል «እኛ» ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። ሲቆረጥ ያልነበረ ሰው ምስጋና ሲታደል ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሰዋስው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። «ውድ ደንበኞቻችን፣ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ያላነበበ የከተማ ሰው ይኖራል? ወረቀቱን ማን እንደለጠፈው ዘበኛውም አያውቅም። ተደራጊ ግሥ ጥሩ መጋረጃ ነው፤ ቢሮ ሙሉ ሰው ይሸፍናል።

የእህቴ ልጅ ግን ሳታውቀው አንዲት ቅጥያ ጨምራበታለች። «ተደረገ» አላለችም፤ «ተደረገብኝ» ነው ያለችው። ከአማርኛችን ጥቃቅን ሀብቶች አንዷ ይህች «ብኝ» ናት። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው፤ ዘር የዘራው ገበሬ «ዘነበልኝ» ይላል፣ ልብስ ያሰጣችው ሴትዮ «ዘነበብኝ» ትላለች። ሰማዩ ስለ ሁለቱም አያውቅም። ማስታወቂያውም እንደ ሰማዩ ነው፤ «ተዘጋ» ይላል። ተጠቃሚው «ተዘጋብኝ» ይላል። የዛሬው ነገሬ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ነው። የመሣሪያ ሠሪዎችን የምነቅፋቸው ስለዘጉ አይደለም፤ መዝጋትማ የተከፈተ ሁሉ ዕጣ ነው። የምነቅፋቸው «ብኝ»ን ሳያዩ ስለሚዘጉ ነው።

በዓለም የታወቁትን እንይ። ጊትሀብ የተባለው ኩባንያ አቶም የሚባል ኤዲተር ነበረው፤ ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ተጠቃሚው እንደፈለገ እየፈታ ሊገጥመው የሚችል በመሆኑ ብዙ ፕሮግራመር ወደደው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፕለጊኖችም ተሠሩለት። ጊትሀብን እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮሶፍት ገዛው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ቪ.ኤስ. ኮድ የሚባል የራሱ ኤዲተር ነበረው፤ ያውም ለአቶም ተብሎ በተሠራ መሠረት ላይ የቆመ። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2022 ማስታወቂያ ወጣ፤ አቶም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 15 እንደሚዘጋ ተነገረ። ስድስት ወር መስጠታቸው ያስመሰግናቸዋል። ቃላቸው ግን አያስመሰግናቸውም። የመዘጋቱን ነገር የገለጹት በእንግሊዝኛው ጀምበር መጥለቅ በሚለው ቃል ነው። ጀምበርን ጎትቶ የሚያወርዳት የለም፤ ሰዓቷ ሲደርስ ትጠልቃለች፤ ተጠያቂ የላትም። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል ማለት ይኸው ነው።

ከቃሉ ይልቅ ያስገረመኝ ደግሞ ምክንያቱ ነው። የተጠቃሚው ማኅበረሰብ ተሳትፎ እንደቀነሰ ይናገራል። እዚያው ላይ ድርጅቱ ራሱ ለዓመታት ይህ ነው የሚባል አዲስ ነገር እንዳልጨመረበት ያምናል። የቱ ነው የቀደመው? ባለ ሱቁ ዓመት ሙሉ ዕቃ ሳያስገባ ከርሞ «ደንበኛ ስለጠፋ ዘግተናል» ቢል ምን ትሉታላችሁ? አድራጊው ሲጠፋ ዓረፍተ ነገሩ ባዶ አይቀርም፤ በቦታው ተጎጂው ይገባል።

ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ሰዓት ያላገኙም አሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ማቴሪያል ቲም የተባለ፣ ሚሊዮኖች የጫኑት የቪ.ኤስ. ኮድ ማስዋቢያ ድንገት ከመደብሩ ተነሣ፤ ተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተር ላይ ያለውም እንዳይሠራ ተደረገ። ጎጂ ኮድ አለበት ተብሎ ተጠርጥሮ ነው። በተከታዩ ወር ማይክሮሶፍት ስህተት እንደነበር አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ጥርጣሬ ሲኖር ቶሎ መዝጋትን አልነቅፍም፤ ቤት ሲቃጠል ደብዳቤ አይጻፍም። ግን ልብ በሉ፦ ሲመለስ «ተሳስተናል» የሚል ሰው ተገኘ። ብዙውን ቁጣ ያበረደው ፕለጊኑ መመለሱ ብቻ አይመስለኝም፤ አድራጊው መገኘቱ ነው።

መልካም አዘጋግም አለ። ኮድ በቅንፍ የተሞላ ጽሑፍ ነው፤ ቅንፍ ውስጥ ቅንፍ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ቅንፍ። የትኛው የትኛውን እንደሚዘጋ ዓይን ይጠፋበታል፤ ሰላምታው ሲደራረብ ማሰሪያ አንቀጹ እንደሚጠፋበት የድሮ ደብዳቤ። ብራኬት ፔር ከለራይዘር የሚባል ፕለጊን ጥንድ ጥንዱን ቅንፍ በቀለም እየለየ ያሳይ ነበር። ይህንንም ሚሊዮኖች ጫኑት። ችግሩ ፋይሉ ትልቅ ሲሆን መዘግየቱ ነው፤ ከውጭ የተቀጠለ ነገር በመሆኑ ኤዲተሩ ያነበበውን ጽሑፍ እሱ እንደገና ማንበብ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የቪ.ኤስ. ኮድ ሠሪዎች ይህንኑ ሥራ ራሱ ኤዲተሩ ውስጥ አስገቡት፤ ፍጥነቱም በብዙ እጥፍ ጨመረ። የፕለጊኑ ሠሪ ያኔ ምን አደረገ? ከእንግዲህ እንደማይንከባከበው፣ ለምን እንደሆነ፣ የተሻለው የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚበራ ጽፎ ዘጋ። ተጠቃሚው ሄዶ ያበራዋል፤ አለቀ። ይህን ነው ዱላ ቅብብል የምለው። የጨረሰው ሯጭ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ አልሄደም፤ የሚቀበለው እጅ እስኪጨብጠው ጠብቋል።

በነገራችን ላይ ዲፕሪኬት የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው። ጥንት ፍቺው በጸሎት መመለስ፣ ክፉ ነገር እንዲርቅ መማለድ ነበር፤ እኛ ምሕላ እንደምንለው ያለ። ዛሬ ሠራዡ ሰርዞ ሲሄድ ምሕላው ለተጠቃሚው ቀርቷል።

እኔም ብሆን «ብኝ»ን የማውቃት ከሰው ሰምቼ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የማስተማሪያ ማስታወሻዎቼን በኮምፒውተር የጻፍኩት በአንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። መቀመጫው በጠቅላላው 256 ነበር፤ ከዚያም ውስጥ አስቀድሞ የተያዘ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መላ አሸጋሽጎ አስቀመጠው። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቋሚ ወንበር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በየጠረጴዛው ኖሩ። የእኔው ፕሮግራም ሠሪ አንድ ቀን ሥራውን ተወ። ኮምፒውተሬን ስቀይር ማስታወሻዎቼ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የቅንፍ ትርምስ ሆነው ተከፈቱ። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። ፊደሎቹ እኮ አልጠፉም፤ ሁሉም እዚያው ናቸው። የጠፋው የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። አንድ ገጽ! ያን ገጽ በሩ ሥር አስገብቶልኝ ቢሄድ ሠሪውን ዛሬም እመርቀው ነበር።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። «ቢሮ ውስጥ ምን አደረጋችሁ?» ብዬ ስጠይቃት የነገረችኝን ብትሰሙ የሰው ጠባይ ሁሉ እዚያ አለ። አንዱ አፕዴት የሚባል ነገር ሁሉ አጥፍቶ «እኔ እንዳለሁ እኖራለሁ» ብሏል፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነውም በዚያው አፕዴት መሆኑን ዘንግቶ። አንዷ በዚያው ቀን ተተኪ ፕለጊን ጫነች፤ ጣቶቿ ግን አሮጌውን ቁልፍ ይመታሉ፤ ቤት የቀየረ ሰው ማታ ደክሞት በድሮ ሰፈሩ ታክሲ እንደሚሳፈረው። ሌላው «ፎርክ እናድርገው» አለ። ፎርክ ያው ሹካ ነው፤ ኮዱ ክፍት ከሆነ ገልብጦ በሌላ ስም ማስቀጠል ማለታቸው ነው። አቶም ሲዘጋ ፐልሳር የተባለው ኤዲተር የተወለደው እንዲህ ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ሹካ ያነሣ ሁሉ ነገ ወጥ የሚሠራውም እሱ መሆኑን ማወቅ አለበት። የቀረው ሥራውን ትቶ ሠሪውን መስደብ ያዘ።

እሷ ከተሳዳቢው ወገን ነበረች። ቅዳሜ ማታ የስድቡን ደብዳቤ ልትልክ የሠሪውን አድራሻ ስትፈልግ ነው ነገሩ የተገለበጠው። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ነው» አለችኝ። «ድርጅት መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ነው! አምስት ዓመት ብቻውን ነው የሠራው። ጥያቄው፣ ቅሬታው፣ አድርግልን የሚለው ሁሉ በመቶ ተከምሮበታል። ከታች ‹ቡና ጋብዙኝ› የሚል ቁልፍ አለ። አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።» ይህን ስትል እናቷ የቀዳችላትን ሲኒ እያየች ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

እኔም ያን ጊዜ የብልት ሥራዬ እንደተበላሸ ገባኝ። «እናመሰግናለን» ያለው «እኛ» ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቀ ጉባኤ አልነበረም ለካ። አንድ የደከመ ሰው ነው። «ደክሞኛል፣ ተውኩት» ማለት ቢያሳፍረው የኩባንያ ቋንቋ ተውሶ ለበሰ። «ተቋርጧል» ሲል የሚሸሽገው ሥልጣኑን ሳይሆን ዕፍረቱን ነው።

ይህን እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ራሴ ጽፌው ስለማውቅ ነው።

ማስተማር የተውኩት በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ምክንያቴ የብዙ መምህር ምክንያት ነው፤ ደመወዙም፣ ድካሙም፣ ሌላ ሥራ መገኘቱም። መመረቂያ ጽሑፋቸውን የማማክራቸው ሰባት ተማሪዎች ነበሩኝ። ጠርቼ ልነግራቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ከረምኩና ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «የመመረቂያ ጽሑፍ ምክር ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል። ተማሪዎች የትምህርት ክፍሉን እንዲያነጋግሩ ይሁን። ስለትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።» እኔ፣ «አድራጊው ማነው?» እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት የጮኽኩት ሰውዬ፣ አድራጊ የሌለው ወረቀት ለጥፌ በጓሮ በር ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ ከሰባቱ አንዷን ባንክ ቤት ወረፋ ላይ አገኘኋት። ትወቅሰኛለች ብዬ አንገቴን ስደፋ «መምህር፣ ያን ወረቀት ሳነብ እኮ የታመሙ መስሎኝ ነበር። ሳምንት ሙሉ ቤትዎን ስፈልግ ነበር» አለችኝ። ወቀሳ ይሻለኝ ነበር። ስሜን ብጽፍ፣ ምክንያቴን ብናገር፣ በማን እንደተካሁ ብጠቁም ያቺ ልጅ ሳምንቷን ለጽሑፏ ባዋለችው ነበር። «ተዘጋ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ «ተዘጋብኝ» ማለት እንኳ ሳታውቅ «ምን ሆነብኝ» እያለች የተንከራተተችው እሷ ናት።

ስለዚህ ፍርዴን ላሻሽል። ለሠሪው፦ ዝጋ፤ መዝጋት መብትህ ነው፣ በተለይ በነጻ ስትሠራ ለኖርከው። ግን በአድራጊ ግሥ ዝጋ። «ዘግቼባችኋለሁ። ምክንያቴ ይህ ነው። እስከዚህ ቀን አለሁ። ቁልፉን እዚህ አስቀምጫለሁ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከተለመደው ማስታወቂያ የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው። ትልቁ ኩባንያ ደግሞ ደመወዝ የሚከፍላቸው ጸሐፊዎች አሉትና ጀምበሯን ይተዋት።

ለተጠቃሚውም፦ በሰው ወርቅ አይደምቁም። የምትደገፍበት ነገር የማን እንደሆነ ሳይሰበር በፊት እወቅ። ሲሰበርም ከመሳደብህ በፊት ዕዳህን ቁጠር። እኛ ነጻ ነገር ስናገኝ ሠሪ የሌለው፣ እንደ ዝናብ የወረደ ይመስለናል፤ «ልኝ» ማለትን ሳንማር «ብኝ» እንላለን። ያ መስመር የተጋደመበት ፕለጊን አምስት ዓመት ሙሉ «ሠራልኝ» ያለው ሰው አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ያን ዕለት ቁልፉን ነካችው፤ የባንክ ካርዷን አልቀበል አላት። ስለዚህ የስድቡን ደብዳቤ ቀዳ ጥላ ሌላ ጻፈች፤ አምስት ዓመት ምን እንደሠራላት፣ የትኞቹ መድኃኒት ቤቶች በእሱ ምክንያት መዝገባቸው እንደተስተካከለ። መልስ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ሰኞ ማታ ግን ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር አሰብኩ» አለችኝ። «እኛስ ብንዘጋ መድኃኒት ቤቶቹ መዝገባቸውን በምን ይከፍቱታል?» ዝም አልኩ። ለካ እነሱም ዝም ብለው ነበር የከረሙት። አሁን ከአዲሶቹ ልጆች ጋር ሆና ባለ መድኃኒት ቤቱ በፈለገው ቀን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ መዝገቡን ሙሉ በሙሉ በሌላ ፕሮግራም ሊነበብ በሚችል መልክ የሚያወጣበትን ቁልፍ እየሠሩ ነው። ጣቶቿም አዲሱን ፕለጊን እየለመዱት መሆኑን ነግራኛለች።

እኔም ከአሮጌ ወረቀቶቼ መካከል ሰባት ስም የተጻፈበትን አንድ ወረቀት እየፈለግሁ ነው።